ሙዚቃዊ ትያትር እንዴት ይሠራል? ከጎጃም ለቅሶ ቤት እስከ መድረክ

ደብረ ማርቆስ ላይ አዲስ ሙዚቃዊ ትያትር እየሠራን ነው ስንል የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው። «ዘፈን ነው ወይስ ትያትር?» ሁለቱም ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ጠያቂውን ግን አያጠግብም። ትያትር መሀል ዘፈን ስለገባ ብቻ ሙዚቃዊ ትያትር ተሠራ አይባልም።

ቀላል መፈተኛ አለ። ዘፈኖቹን በሙሉ አውጧቸውና ታሪኩን ለጓደኛችሁ ተርኩለት። ምንም ሳይጎድል ከጨረሳችሁ ዘፈኖቹ ማጣፈጫ ነበሩ። መሀል ላይ «ቆይ፣ እዚህ ጋ ምን ሆነና ነው ሐሳቧን የቀየረችው?» ካላችሁ ግን ዘፈኑ ሥራ ነበረው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሥራ ነው።

ስያሜዎቹን ቶሎ እንለያቸው። ኦፔራ ከሞላ ጎደል ሁሉ ነገር የሚዘፈንበት ነው፤ ሰላምታው፣ ጠቡ፣ ደብዳቤ ማንበቡ ሳይቀር። የተጀመረው ጣሊያን አገር በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። የሙዚቃ ደራሲው የሞንቴቨርዲ «ኦርፌኦ» እ.ኤ.አ. በ1607 ማንቱዋ ከተማ ላይ ታየ፤ ዛሬም በየመድረኩ ይታያል። ሙዚቃዊ ትያትር ደግሞ ንግግርና ዘፈን የሚፈራረቁበት ነው። ሰውየው ያወራል፣ ያወራል፣ ወሬ አልበቃው ሲል ይዘፍናል። ሦስተኛው ዓይነት እኛ አገር የተለመደው ነው። ድራማው ለብቻው፣ ሙዚቃው ለብቻው፣ ምሽቱ ግን አንድ። ሀገር ፍቅር ከተመሠረተበት ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ሙዚቃና ትያትር አንድ ጣራ ሥር ኖረዋል። በደርግ ጊዜም ጎጃም ግሽ ዓባይ፣ ወሎ ላሊበላ፣ ጎንደር ፋሲለደስ የሚባሉ የኪነት ቡድኖች ነበሯቸው። አንድ ጣራ ሥር መኖርና አንድ ሥራ መሆን ግን ይለያያል።

ሁለቱን ለማስታረቅ ቀድሞ የሞከረው የራሳችን ሰው ነው። ዮፍታሔ ንጉሤ የጎጃሙ ደብረ ኤልያስ ልጅ ነው። ቅኔ ተምሮ አዲስ አበባ ገባ፣ አስተማሪ ሆነ፣ ትያትር ጻፈ፣ ተማሪዎቹን አስጠንቶ መድረክ ላይ አወጣ። ትያትሮቹ ውስጥ ግጥምና ዜማ ቦታ ነበራቸው። የዐፄ ኃይለ ሥላሴን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ግጥሙን እሱ፣ ዜማውን አርመናዊው የሙዚቃ መምህር ኬቮርክ ናልባንዲያን ሠሩት። «ትያትር የከተማ ነገር ነው፣ ለጎጃም ምኑ ነው?» የሚል ሰው ሲገጥመኝ የማነሳው እሱን ነው።

እንዲያውም ጎጃም ውስጥ ዘፈን ድሮም ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ፉከራ ሰውን ለጠብ ያነሳል፤ አንዴ የፎከረ ሰው ወደ ኋላ ቢል ያፍራል። የደቦ ዜማ ማጭዱን ሁሉ ባንዴ ያስነሳል። ሙሾ ሟችን ይሸኛል፣ ቤተሰቡን ያስለቅሳል፣ አልፎም ሟች ማን እንደነበር በአደባባይ ይመሰክራል። አዝማሪ ቤት ቁጭ ብሎ «ተቀበል!» የሚል ሰው በአፉ ቢናገረው የሚያጣላውን ነገር በመሲንቆ ያስብላል። ከዘፈኑ በፊት የነበረው ነገር ከዘፈኑ በኋላ እንደነበረ አይቆይም። የሙዚቃዊ ትያትር ዘፈንም የሚፈለግበት ይኸው ነው።

አሁን የኛን ታሪክ ልንገራችሁ፤ ሌላውን ሁሉ በእሱ ላይ ማሳየት ይቀላል።

አንዲት ሙሾ አውራጅ አለች። በአካባቢው ያለ እሷ ለቅሶ አይደምቅም። አንድ ቀን ትልቅ ሰው ይሞትና ልጆቹ ሙሾ እንድታወርድለት ሊለምኗት ይመጣሉ። ሟቹ ግን ባሏ ከሞተባት ወዲህ ድንበሯን ገፍቶ መሬቷን የወሰደባት ሰው ነው። እንቢ ብትል ከአገሬው ትለያለች፤ ሬሳ ላይ ቂም መያዝ ነውር ነው። እሺ ብላ ብታሞግሰው ራሷን ትክዳለች። በቃ፣ ታሪኩ ይህ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል።

ይህን ከመምረጣችን በፊት የአርበኞች ታሪክ እንሥራ ያለ ነበር። በላይ ዘለቀን ያወጣ አገር ላይ ተቀምጦ ይህን ማሰብ አይፈረድበትም። እኔ ግን ተቃወምኩ። ፉከራው ገና ሲነሳ ተመልካቹ ብድግ ይላል፤ ከዚያ በኋላ የምትነግረውን ማን ይሰማሃል? ሌላው ደግሞ የፍቅር ታሪክ አለ። ፍቅር ይዘፈናል፤ ግን ባይዘፈንም ይገባል። የሙሾ አውራጇ ጭንቅ በዘፈን ካልሆነ በሌላ በምንም አይፈታም። ሥራዋ ዘፈን ነው፣ ፈተናዋ የመጣው በዘፈን ነው፣ መውጫዋም ዘፈን ነው። ታሪክ ስትመርጡ «ይህ ሰው የግድ መዝፈን ያለበት የት ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ «የትም ቢሆን ይሆናል» ከሆነ ታሪኩን ለተራ ድራማ ተዉለት።

ታሪኩ ከተያዘ በኋላ ወረቀት ዘርግቶ ዘፈን የሚገባበትን ቦታ መለየት ይመጣል። ለኔ ከሁሉ የሚጥመኝ ሥራ ይኼ ነው። የመጀመሪያው ስሜት አሳዛኝ ቦታ ሁሉ ላይ ዘፈን መድፋት ነው። እንዲህ ከተደረገ ተመልካቹ በሦስተኛው ዘፈን ላይ ስልኩን ያወጣል።

አንድ ምሳሌ በደንብ ላሳያችሁ። ሟቹ መሬቱን የወሰደው በአንድ ቀን አይደለም። ገበሬ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፤ ድንበር የሚገፋው በየዓመቱ በአንድ ትልም ነው። ዘንድሮ አንድ ትልም፣ ለከርሞ አንድ ትልም። ከሳሽ ብትሆን ምን ብለህ ትከሳለህ? በአንድ ትልም ሰው ይከሰሳል? ይህን በንግግር ለማሳየት አምስት ትዕይንት ይፈልጋል፤ አምስቱም አሰልቺ ይሆናሉ። በዘፈን ግን አንድ ይበቃል። አራሹ በሬዎቹን እየነዳ የእርሻ ዜማ ያዜማል፤ የጅራፉ ድምፅ ምቱን ይይዛል። አንድ ስንኝ ባለቀ ቁጥር ዞር ይልና መድረኩ መሀል ያለችውን የድንበር ድንጋይ በእግሩ ገፋ ያደርጋል። ትንሽ ነች፣ ስንዝር ነች። ዜማው ያው ነው፣ ፈገግታው ያው ነው። ሴትየዋ ከወዲያ በኩል ጥጥ እየፈተለች ትቀመጣለች። በየስንኙ መቀመጫዋን ትንሽ ታሸሻለች። ዘፈኑ ሲያልቅ የመድረኩ ጥግ ላይ ደርሳለች፤ እንዝርቷን ለማሾር እንኳ ቦታ የላትም። ብዙ ዓመት በአራት ደቂቃ አለፈ፤ አንድም ሰው «ተበደልኩ» አላለም።

የማይዘፈነውን መወሰንም እኩል ከባድ ነው። ሽምግልናውን ሳይዘፈን ተውነው። ሽማግሌ ሲናገር ራሱ ዜማ አለው። «እህ... እንግዲህ...» ብሎ ሲጀምር፣ በተረት ሲያዋዛ፣ መሀል ላይ ዝም ሲል፣ ይህን ሁሉ ሙዚቃ ይሸፍነዋል። ደግሞ ክርክር ውስጥ ተመልካቹ እያንዳንዱን ቃል መስማት አለበት። ማን መቼ ምን አለ የሚለው ነገር ሲዘፈን ይጠፋል።

ለጀማሪ የሚከብደው ሌላ ነገር ሰዓት ነው። አንድ ሰው በአንድ ደቂቃ የሚናገረው ነገር ሲዘፈን ሁለትና ሦስት ደቂቃ ይፈጃል። ስለዚህ ለንግግር ትያትር የሚበቃ ታሪክ ለሙዚቃዊ ትያትር ይበዛል። የሟቹ ወንድም፣ የሴትየዋ ምራት፣ የቀበሌው ጸሐፊ፣ ሁሉም በየተራ ከስክሪፕቱ ወጡ። የቀበሌው ጸሐፊ አስቂኝ ሰው ነበር፤ አሁንም ይቆጨኛል።

ወደ ግጥሙ እንግባ። «ግጥም ይቀድማል ወይስ ዜማ?» ይሉናል። እኛ ጋ አንዳንዱ ዜማው ቀድሞ ነው፤ ሙሾና የእርሻ ዜማ የራሳቸው ልክ ስላላቸው ግጥሙ በልኩ ይሰፋል። የአማርኛ ግጥም ቤት አለው፤ ቤቱ የሚለየው በስንኙ ቀለም፣ ማለትም በክፍለ ቃሉ ቁጥር ነው። የወል ቤት ስንኙ ስድስት በስድስት ይሄዳል፣ ሰንጎ መገን አምስት በአምስት፣ ቡሄ በሉ አራት በአራት። አራትና አራቱ ለጨዋታና ለሩጫ ይመቻል። ስድስትና ስድስቱ ለሐዘን፣ ለምክር፣ ለነገር ይሆናል። ድንበር ገፊው ሲያርስ በቡሄ በሉ ነው፤ ደስ ብሎታላ። ሙሾው በወል ቤት ነው። ተመልካቹ ይህን ቆጥሮ አያውቅም፤ ጆሮው ግን ያውቃል።

ከዚያ የዜማ ደራሲዎችን ጉድ የሚያፈላ ነገር አለ። አማርኛ ይጠብቃል፣ ይላላል። ጽሕፈቱ አያሳይም፤ አንባቢው ከአውዱ ያውቃል። ሲዘፈን ግን ዜማው ነው የሚወስነው። «መሬት ሰው ይበላል» የሚል ሐረግ አለን፤ መቃብርን ለማለት ነው። ዜማው «በ» ላይ ረገጥ ካደረገ ይጠብቅና በላተኛው ተበይ ይሆናል። የአንድ ድምፅ መርገጥ ነገሩን ገለበጠው ማለት ነው። ስለዚህ ዜማ ከመሠራቱ በፊት ገጣሚው ግጥሙን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ዜማ ደራሲው የሚጠብቀውን ሁሉ እያሰመረ ይሄዳል። አሰልቺ ነው። ሳይደረግ ሲቀር ግን ጋዜጣ አንባቢ የሚመስል ዘፈን ይወጣል፤ ቃሉ ሁሉ አማርኛ፣ አነጋገሩ የፈረንጅ።

ተንጠልጥሎ የሚቆየው ድምፅም ነገር አለው። ሳድስ ፊደል ላይ ድምፅ መጎተት ጉሮሮ ያንቃል። «ምድር» ብላችሁ ከፍ አድርጋችሁ ለመቆየት ሞክሩ፤ ወፍ የለም። «ሀገሬ» ወይም «እናቴ» ግን እስከፈለጋችሁ ይሄዳል። ድሮ ዘፈኖቻችን ለምን በ«እናቴ» እና በ«ዓለሜ» እንደሚሞሉ ያኔ ገባኝ፤ ስሜት ብቻ ሳይሆን ጉሮሮም ጭምር ነው።

የሙሾው ማዕከል ሁለት መስመር ናት። ሙሉ ትያትሩ ወደ እሷ ነው የሚሄደው።

እጁ ሰፊ ነበር ድንበር የማያውቀው፣
አራት ክንድ መሬት ነው ዛሬ ያስታረቀው።

የሟቹ ልጆች የሚሰሙት የአባታቸውን ቸርነት ነው። እጀ ሰፊ ነበር፣ ደግነቱ ወሰን አልነበረውም፣ እንግዲህ ከአፈር ጋር ታረቀ። እያለቀሱ አመሰገኗት። የአገሩ ሰው ግን ድንበር ሲባል የትኛው ድንበር እንደሆነ ያውቃል። የእርሻውን ዘፈን ያየ ተመልካችም ያውቃል። ለዚህ ነው የድንጋይዋ ትዕይንት ከሙሾው በፊት የመጣችው። ወርቁን ተመልካቹ ራሱ እንዲያወጣው መሣሪያውን ቀድመን ሰጠነው።

እዚህ ላይ አንድ የዝግጅት ብልሃት አለ። ሙሾ አውራጇ መስመሩን ብቻዋን ታወርዳለች፤ ከዚያ ሴቶቹ ይቀበሏታል። አንድ ጊዜ ሰምተኸው ያለፈህ ነገር ሲደገም ይቆምብሃል። በቅኔ ማኅሌትም እንዲሁ ነው። ባለቅኔው ይሰጣል፣ ተቀባዩ ተቀብሎ ያሰማል፣ ጉባኤው በዚያች ጊዜ ምሥጢሩን ይፈልጋል። በልምምድ ላይ ሴቶቹ የሚቀበሉበትን ፍጥነት ከዳይሬክተሩ ጋር ስንከራከር ቆየን። ፈጥነው ሲቀበሉ ተመልካቹ ያለቅሳል፤ ዘግየት ብለው ሲቀበሉ መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው «ውይ!» ይላል። ሁለተኛውን መረጥን።

ከቤተ ክርስቲያን ዜማ ግን አልወሰድንም። ግዕዙን፣ ዕዝሉን፣ አራራዩን መድረክ ላይ እናምጣው የሚል ሐሳብ ተነስቶ ነበር። ጎጃም ማለት እነ ዋሸራን የመሰሉ ቅኔ ቤቶች ያሉበት፣ እነ ዲማ ጊዮርጊስና መርጡለ ማርያም ያሉበት አገር ነው፤ ተመልካቹ መሀል መሪጌታ አይጠፋም። ለሥርዓት የተሠራ ዜማ ለጭብጨባ ሲውል ብዙ ሰው ቅር ይለዋል፤ እኔም ቅር ይለኛል። አሠራሩን፣ ማለትም መስጠትና መቀበሉን ወሰድን። ዜማውን እዚያው ተውነው።

ስለ መሣሪያ ስናወራ ቅኝት መምጣቱ አይቀርም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። አራቱም በአምስት ድምፅ ይሠራሉ፤ ልዩነቱ ድምፆቹ የሚራራቁበት መጠን ላይ ነው። ለዘፋኝ ይህ የሙያ ጉዳይ ነው፤ ለሙዚቃዊ ትያትር ግን የታሪክ መንገሪያ ነው። ድንበር ገፊው ሁሌም በአንድ ቅኝት ይመጣል፣ ሴትየዋ በሌላ። በመጨረሻው ሙሾ እሷ የምታወርደው በእሱ ቅኝት ነው። ሰዎች ለምን እንደከነከናቸው አይነግሩህም፤ ግን ይከነክናቸዋል።

ችግሩ ተግባር ላይ ነው። ክራር ቅኝት ሲቀየር ክሮቹ እንደገና መቃኘት አለባቸው፤ መድረክ ላይ ደግሞ ሰው ቁጭ ብሎ «ድን... ድን...» ሲል አይጠበቅም። መፍትሔው ሁለት ክራር በተለያየ ቅኝት አዘጋጅቶ መያዝ ነው። ዋሽንት ነፊም ቁመታቸው የተለያየ ዋሽንቶች ይዞ ይመጣል። መሲንቆ አንድ ክር ስለሆነች ጣት ነው የሚወስነው፤ ከሁሉ ትቀላለች። ከኦርጋን ጋር ስትገናኝ ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል። አዝማሪ መሲንቆውን የሚቃኘው በራሱ ድምፅ ልክ ነው፤ ኦርጋን ደግሞ ፋብሪካ በሰጠው ልክ ነው የሚሄደው። አንዱ ለሌላው መገዛት አለበት። እኛ ኦርጋኑን ቤቱ አስቀመጥነው።

ሌላም ምክንያት ነበረን፤ መብራት። ደብረ ማርቆስም ሆነ ቢቸና፣ ሞጣም ሆነ ዳንግላ፣ መብራት መጥፋቱን አስበህ ነው የምትሠራው። ጄኔሬተር መከራየት ይቻላል፤ ግን ጩኸቱ መሲንቆዋን ይውጣታል። ስለዚህ ሥራው ከመነሻው ያለ ማይክ እንዲሰማ ሆኖ ተሠራ። የትልልቅ አዳራሽ ሰዎች ሞንታርቦ ደርድረው ይጀምራሉ። ሞንታርቦ ካለ አልጠላም፤ ሲጠፋ ግን ትያትሩ አብሮ እንዳይጠፋ ነው። ተዋናዮቹ ከወገብ መተንፈስን ለመልመድ ተቸገሩ። ቆላ ያደገው ልጅ አንድም ቀን አልተቸገረም፤ ከጋራ ጋራ ሲጣራ ነው ያደገው።

አዲስ ሥራ ተጽፎ ወዲያው መድረክ አይወጣም። መጀመሪያ ንባብ አለ። ተዋናዮቹ ቁጭ ብለው ያነባሉ፣ ዘፈኖቹን በአንድ ክራር ብቻ ያወርዳሉ፣ ጥቂት ሰው ተጋብዞ ያዳምጣል። የተጋበዘው ሰው የሚለው አስተያየት ብዙም አይጠቅምም፤ ጨዋ ስለሆነ «ቆንጆ ነው» ይላል። የሚጠቅመው ፊቱ ነው። የት ላይ ተቁነጠነጠ? የት ላይ ጎረቤቱን «ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ? እሱን የሚጽፍ አንድ ሰው ጥግ ላይ ይቀመጣል።

ከሁሉ በላይ የሚለዋወጠው መክፈቻው ነው። አሜሪካኖች በዚህ ላይ የታወቀ ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1962 ስቴፈን ሰንዳይም ግጥምና ዜማውን የሠራለት አንድ ኮሜዲ ኒውዮርክ ከመግባቱ በፊት በሌሎች ከተሞች ሲሞከር ሰው አልሳቀም። መክፈቻ ዘፈኑ ለስለስ ያለ የፍቅር ዘፈን ስለነበር ተመልካቹ ለፍቅር ታሪክ ተዘጋጅቶ ተቀመጠ። ጄሮም ሮቢንስ የተባለው ዳይሬክተር ለእርዳታ ተጠራ፤ አየና መክፈቻው ይቀየር አለ። ሰንዳይም ዛሬ ማታ ሳቅ ነው ብሎ በግልጽ የሚናገር ሌላ ዘፈን ጻፈ። ከዚያ በኋላ ያው ቀልድ፣ ያው ተዋናይ፣ ሰው ግን ፍርፍር አለ። ሥራው ኒውዮርክ ላይ ከ900 ጊዜ በላይ ታየ።

የኛም መክፈቻ በእስክስታ ነበር የተጻፈው። ነገሩ የሚያምር ነው፤ የጎጃም ትከሻ መድረክ ላይ ወጥቶ ማን ይጠላል? ግን ሰው ያንን ሲያይ ለባህል ትርዒት ይዘጋጃል፤ ያጨበጭባል፣ ያፏጫል፣ ከዚያ ሐዘኑ ሲመጣ የተታለለ ይመስለዋል። አሁን የሚከፈተው በጡሩምባ ነው። ጨለማ ውስጥ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ከአዳራሹ በስተኋላ ይነፋል። እገሌ ማረፉን፣ ቀብሩ በስንት ሰዓት መሆኑን ይናገራል። ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም። ጡሩምባ የሰማ ሰው ቁጭ ብሎ ጆሮውን የሚያቆምበትን መንገድ ከልጅነቱ ያውቀዋል።

ይህ ግን የራሱን ጣጣ አመጣ። ሬሳ ሳይኖር ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው የሚል ሰው ብዙ ነው። ከተዋናዮቹ የአንዷ እናት ልጄ በቁሟ ሙሾ አታወርድም ብለው ነበር። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ቆጥሮ ማለፍ ይቀናል። እኔ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ይመስለኛል። ሙሾ ሥራ ያለው ነገር ነው ካልን ሥራውን ያለ ቦታው ስንጠራው የሚፈራ ሰው መኖሩ ይጠበቃል። መልሳችን በዝግጅቱ ነበር። መድረክ ላይ ሬሳም ሳጥንም የለም፤ የሟች ልብስና ባርኔጣ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሙሾው የሚወርደው ለባርኔጣው ነው። እናትየው መጥተው አዩና «እንዲህ ከሆነስ ደግ» ብለው ሄዱ። ለኔ ትልቁ ግምገማ የሳቸው ነበር።

የኛ ተመልካች ዝም ብሎ አይቀመጥም። ደስ ሲለው ተነስቶ ይሸልማል፤ ብር ግንባር ላይ ይለጥፋል። ለትያትር ዳይሬክተር ይህ ራስ ምታት ነው። ሴትየዋ እያለቀሰች ግንባሯ ላይ ሃምሳ ብር! መከልከል ይቻላል፤ በር ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ ይቻላል። ማንም አያነበውም። የተሻለው ቦታ መስጠት ነው። ከሙሾው በፊት አንድ የጠላ ቤት ትዕይንት አለን። አዝማሪው ይገባል፣ ተዋናዮቹ «ተቀበል!» ይላሉ፣ አዳራሹም እንዲል ይፈቀድለታል። ሽልማቱም እዚያው ያልቃል። ያቺ ትዕይንት በየምሽቱ ትለያለች። ቢቸና ላይ አንድ ገበሬ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ግጥም ሰጠ፤ አዝማሪው ተቀበለና ወደ ድንበር ገፊው ሰውዬ አዞራት። ስክሪፕት ላይ የለችም። ከዚያ በኋላ የሙሾው ጊዜ ሲመጣ ሰው ተንፍሶ ስለነበር ጸጥ ብሎ ሰማ።

ቀን መቁረጥም በአገሩ ነው። በዐቢይ ጾም ዘፈን ያለበት ነገር ብታሳይ አዳራሹ ባዶ ነው። ጥር ሰው ሁሉ ሠርግ ላይ ነው። ክረምት ደግሞ ቆርቆሮ አለ። የሐምሌ ዝናብ የአዳራሹን ጣራ ሲደበድብ እንኳን ክራር ሞንታርቦም አይሰማም። ከፋሲካ በኋላ ዝናቡ ሳይገባ ያለችው ጊዜ ጠባብ ናት፤ እሷም ከሠርግ ጋር ትጋፋለች። ልምምዱን ከዚያች ወደ ኋላ ቆጥሮ መጀመር ያስፈልጋል።

የቀረው ብርና ፊርማ ነው። በዚህ ላይ ሰው ዝም ይላል፤ ጠቡ የሚነሳው ግን እዚሁ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የኢኮኖሚ መብት ይሰጣል። አዋጁ በ2007 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሽሏል። «ፍቅር እስከ መቃብርን ለምን በሙዚቃ አትሠሩትም?» ለሚሉን ሰዎች መልሱ እዚህ አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ ያለ መብቱ ባለቤቶች ፈቃድ አይነካም። የዮፍታሔ ንጉሤ ግን ከሞተ ከ70 ዓመት በላይ ስለሆነው ያ ጊዜ አልፏል፤ ስሙን በክብር መጥራት ግን ሁሌም ይገባል።

በሙዚቃዊ ትያትር ባለመብቱ ብዙ ነው። ታሪኩን የጻፈ፣ ግጥሙን የጻፈ፣ ዜማውን የሠራ። ዘፈኑ በኋላ ለብቻው ተቀድቶ ቢወጣ ብሩ ለማን ነው? ግጥሙ ሳይለወጥ ሌላ ሰው በሌላ ዜማ ላስይዘው ቢልስ? ይህ ሁሉ ልምምድ ሳይጀመር በወረቀት ይቀመጥ፤ ሥራው ከተወደደ በኋላ ማንም ለመስማማት አይቸኩልም። እኛ ሦስት እኩል ድርሻ አደረግነው። ከዚያ አዝማሪው «የኔስ ተቀበል?» አለ። ልክ ነው፤ በየምሽቱ አዲስ የሚፈጥረው እሱ ነው። አራት እኩል ሆነ።